ቢጫው ክምር

የባለዘሯ ጊደር የሞተችው ከጆሮዋ በፈሰሰ ደም ነው። አውሬ አልነካትም፣ አጥር አልቧጨራትም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ የጆሮ ቁጥር ሊያደርግላት በመብሻው አንዴ ጠቅ አደረጋት፤ የተከፈተው ቀዳዳ ምስር ቢያክል ነው። በየዓመቱ የሚሠራው ሥራ ስለሆነ መብሻውን በሱሪው ጠርጎ ሻይ ሊጠጣ ገባ።

ጠጥቶ ሲወጣ ደሙ አልቆመም ነበር። ጠብ፣ ጠብ ይላል። ባለዘሯ ንጹሕ ጨርቅ አጥፋ ጆሮዋ ላይ ያዘችላት። ጨርቁ ራሰ። ሌላ አመጣች፤ እሱም ራሰ።

«ደም ሥር ነክቼ ይሆናል። ይቆማል» አለ ዋርሳዋ።

እስኪመሽ አራት ፎጣ ጨረሱ። ረቡዕ ማለዳ ባለዘሯ የበረቱን በር ስትከፍት ጊደሯ በጎኗ ተዘርራለች። ድዷ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ከአንገቷ ሥር ያለው ደም እንደ ወትሮው ደም አልረጋም፤ ቀይ ቀለም የተጨመረበት ውሃ መስሎ በተነጠፈው ጭድ መሀል ቀጥኖ ተኝቷል። ባለዘሯ ቆማ አየችውና ፈራች። የፈራችው ስላልገባት አልነበረም። ስለገባት ነው።

«ባለዘሯ» የሚሏት ከተማው ውስጥ በአንድ የዘር መደብር ስምንት ዓመት ስለሠራች ነው። አሁን መደብሩን ትታ ከአማቷ ጋር ከብት ታረባለች። ባሏ የመንገድ ሥራ ማሽን ነጂ ስለሆነ የብርዱን ወራት ሩቅ አገር ያሳልፋል። እነሱ የሚኖሩበት አገር ዛፍ የሌለው፣ ነፋስ የማይለየው ሜዳ ነው። ዝናቡ ጥቂት፣ ውርጩ ብዙ፤ ሣሩ ከቁርጭምጭሚት ሳያልፍ ቢጫ ይሆናል። በብርዱ ወራት ማብቂያ ላይ የላሞቹን የጎን አጥንት በሩቅ መቁጠር ይቻል ነበር።

ያንን ማየት ነው የሰለቻት። ከሁለት ዓመት በፊት የሦስት ዓይነት የከብት መኖ ዘር ድብልቅ ከመደብሩ አመጣች። አንዱ አንዴ ተዘርቶ ሰባት ስምንት ዓመት የሚቆየው አልፋልፋ ነው፤ ሥሩ ከሰው ቁመት በላይ ወርዶ ውሃ ይፈልጋል። ሁለተኛው እንደሱው ዕድሜው ረጅም የሆነ፣ ሮዝ አበባ የሚያወጣ ዘመዱ ነው። ሦስተኛው ቢጫ አበባ ያለው ቁመተ ረጅም ተክል ነው፤ የሚኖረው ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ሥራው ሌሎቹ እስኪጠነክሩ ሜዳውን መሸፈን ነው። ይህን ማብራሪያ በመደብሩ ባንኮኒ ላይ ስንት ጊዜ እንደሰጠች አታስታውሰውም።

አማቷ፣ እማማ የምትላቸው፣ መጀመሪያ አልወደዱትም። «ሣር ያበቀለ መሬት ምን አደረገሽና ነው ሆዱን የምትገለብጪው?» ብለው ነበር። በኋላ ግን «እሺ፣ ልጅዎ ነኝ ካልሽ ልጄ ነሽ፣ እረሺው» አሉ።

በሁለተኛው ዓመት ቢጫው ደረት ደረሰ። ሰው ከመንገድ ቆሞ ያየው ነበር። ችግሩ የታጨደ ዕለት መጣ። አገዳው ጣት ያክላል፤ ላዩ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ነው። በዚያ ላይ ሦስት ቀን አካፋበት። ባለዘሯ ጨርሶ ይበሰብሳል ብላ ሳይደርቅ ከመረችው። ብርዱ ገብቶ ክምሩን ስትከፍት ከመሀሉ ነጭ ብናኝ ቡን ብሎ አሳላት። ሻጋታ መሆኑን አውቃለች። በመደብሩ ሳለች አንድ ሥልጠና ላይ ስለዚህ ተክልና ስለ ሻጋታ የሆነ ነገር ሰምታ ነበር፤ ምን እንደተባለ ግን በግማሽ ነበር የምታስታውሰው። «መጥፎ ከሆነ ራሳቸው ይተዉታል» አለች ለራሷ። ላሞቹ አልተዉትም። እየተሻሙ በሉት። አምስት ሳምንት ሙሉ በገዛ መንሿ አቀረበችላቸው።

ረቡዕ ማለዳ፣ የጊደሯን ሬሳ በጆንያ ሸፍና፣ የቀሩትን አሥራ ስምንቱን አንድ በአንድ ዞራ አየች። ቡሬ የምትባለው ላም ትከሻ ላይ የሕፃን ጭንቅላት የሚያክል እብጠት ነበር። በጣቷ ብትነካው ውስጡ ውሃ እንደያዘ ከረጢት ተንቀጠቀጠ። ከበረቱ ጀርባ ሄዳ ለከብት ሐኪሙ ደወለች።

«ምንድን ነው የሚበሉት?» አላት።

«ድርቆሽ።»

«የምን ድርቆሽ?»

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ገባ። «ቢጫው» አለች።

«ሻጋታ አለው?»

ክምሩን ዞራ አየች። ከዚያ «አለው» አለች።

ሐኪሙ ቀስ ብሎ ይናገር ጀመር። «ስሚኝ። ያ ተክል ሲሻግት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርዝ ይሆናል። ትንሽ ብትጫር፣ ትንሽ ብትጋጭ፣ ደሟ አይቆምም፤ ውጭ ባይፈስ ውስጥ ይፈሳል። ከክምሩ ማብላቱን አሁኑኑ አቁሚ። አታባርሪ፣ አትምቺ፣ መርፌም አትውጊ። እርስ በርስ እንዳይዋጉ፣ በር ላይ እንዳይጋፉ። መንገዱ በረዶ ስለሆነ ነገ ቀትር ላይ ነው የምደርሰው።»

«የትኞቹ ናቸው የታመሙት? እንዴት ልለያቸው?»

«ልትለዪ አትችይም። ደህና የምትመስለውም ደህና ላትሆን ትችላለች።»

ስልኩን ዘግታ ወደ በረቱ ተመለሰች። ስድስት ዓመት የገባችበት በረት ነው፤ አሁን ግን ሌላ ቤት ሆነባት። የበሩ መወርወሪያ ወደ ውስጥ ሁለት ጣት ወጣ ብሏል። የግርግሙ ሦስተኛ ሳንቃ ተሰንጥቆ ስለት አውጥቷል። ምሰሶው ላይ ገመድ የሚሰቀልበት ምስማር አለ። ቀንዶቹ፣ የእነዚያ ሁሉ ላሞች ቀንዶች። አንዷ ጆሮዋን ስታራግፍ ባለዘሯ ክው አለች። የገዛ እግሯን ድምፅ ፈርታ በጣቷ ጫፍ ተራመደች።

ለአማቷ በሽታ ገብቷል ብላ ልትነግራቸው ነበር ያሰበችው። ሐኪሙ መጥቶ እስኪናገር የሆዷን በሆዷ ልትይዝ። እማማ ግን እንደ ልማዳቸው ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። እሳቸው ላም ሲያልፉ ዳሌዋን በከዘራ መታ አድርገው «ዞር በይ እስቲ» ሳይሉ አያልፉም፤ ሰላምታቸው እሱ ነው። ልትወልድ የቀረበችው ዳልቻ ዘንድ ደርሰው ከዘራውን አነሡ።

ባለዘሯ ሮጣ ከዘራውን ከአየር ላይ ያዘችው። እማማ በድንጋጤ አዩዋት። በዚህ ቤት ምራት የአማቷን እጅ ይዛ አታውቅም።

«አይምቷት፣ እማማ። ትሞታለች።»

«በዚህች?»

«በዚህች።»

ከዚያ ሁሉንም አወጣችው። ክምሩን፣ ነጩን ብናኝ፣ አውቃ ዝም ማለቷን፣ ሐኪሙ ያለውን። እማማ እስክትጨርስ አላቋረጧትም። ከጨረሰች በኋላ የተሸፈነችውን ጊደር ረጅም ጊዜ አዩ።

«ሻጋታውን ያየሽ ለታ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«እኔን?»

«መሬቱን ያሳረስኩት እኔ ነኝ። ‹ብዬሽ ነበር› እንዳይሉኝ ፈራሁ።»

«እንኳን ልነክስሽ፣ ዳቦ እንኳ በሻይ ነክሬ ነው የምበላው» አሉ እማማ። ፈገግ ግን አላሉም። «እላለሁ፤ ብዬሽ ነበር እላለሁ። አሁን አይደለም እንጂ። ሂጂ ፍራሾቹን አምጪ።»

ቤት ውስጥ ያለ ለስላሳ ነገር ሁሉ ወጣ። አሮጌ ፍራሽ ተቀዶ ምሰሶ ተጠቀለለበት። ብርድ ልብስ ከበሩ መቃን ጋር በገመድ ታሰረ። ዋርሳዋ ምስማሮቹን በመዶሻ ሳይሆን በጉጠት እያወዛወዘ፣ ላሞቹ እንዳይበረግጉ ትንፋሹን ውጦ ነቀላቸው። እማማ የባላቸውን አሮጌ ካልሲዎች በጭድ ሞልተው የቀንድ ጫፍ ላይ አሰሩ። ሌላ ቀን ቢሆን ካልሲ ያጠለቀች ላም ታስቃቸው ነበር። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ዋርሳዋ ጉጠቱን እንደያዘ ቆም ብሎ «እና የገደልኳት እኔ ነኝ ማለት ነው?» አለ።

«አይደለህም» አለችው ባለዘሯ። «መንሹን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ለላሞቹ ያለፈው ዓመት ትራፊ የሜዳ ሣር ሰጧቸው። ለአንድ ሳምንት እንኳ አይበቃም። ከሰዓት በኋላ፣ የሚጠቀለል ነገር ሲያልቅ፣ እማማ ተገልብጦ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጡና ጠየቁ።

«ይሄንን ዘር ከመደብሩ ለስንት ቤት ሸጠሻል?»

ባለዘሯ ጥያቄውን ከጠዋት ጀምሮ ስትሸሸው ነበር። «ለአሥራ አንድ» አለች።

«ዝናቡ እኮ ለሁላችንም ነው የዘነበው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ደውዪ። እዚሁ፣ እኔ አጠገብ ሆነሽ።»

ያን ሰዓት ከጊደሯ ሞት ይልቅ ፈራችው። ሰው ሁሉ በባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ እሷን አምኖ ነበር የገዛው። የመጀመሪያዋ ሴት ክምሯን ገና እንዳልከፈተች ነገረቻት። ሁለተኛው ጠርጥሮ አቁሟል። አራተኛው ባለወፍጮው ነበር፤ እሁድ ዕለት ወይፈን አስኮላሽቶ እስከ ማታ ደሙ ፈስሶ ሞቶበታል። ከኮላሹ ጋር ተጣልቶ፣ ሊከስሰው ሲል ነው ስልኩ የደረሰው።

«ዘሩን የሸጥሽልኝ አንቺ ነሽ» አለ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ትንፋሹ ይሰማታል። ስድብ ጠበቀች። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ታማሚ፣ «የቀሩትንስ ምን ላድርጋቸው?» አላት። ሐኪሙ ያላትን ቃል በቃል ነገረችው፤ ካልሲውንም ጨምራ።

እስኪመሽ ከአሥሩ ጋር ተነጋገረች። አሥራ አንደኛው፣ ከሁሉም ራቅ ብለው ከወንዙ ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩት ጡረተኛው መምህር፣ ስልካቸው አይጠራም። ደጋግማ ሞከረች። ዝግ ነው። እሳቸው ደግሞ የጥጆቻቸውን ቀንድ በዚህ ሳምንት ሊያስቆርጡ መሆኑን ባለፈው ገበያ ነግረዋታል።

ሐሙስ ማለዳ ዋርሳዋ በሞተር ብስክሌት ወደ መምህሩ ሊሄድ ሞክሮ ወንዙ ዳር በረዶው ጥሎት ተመለሰ። ጉልበቱ ተልጦ እየደማ ገባ። ባለዘሯ ደሙ መርጋቱን እስክታይ ዓይኗን ከጉልበቱ ላይ አላነሣችም። ሰው መሆኑን ረስታው ነበር።

ሐኪሙ ቀትር አልፎ ደረሰ። የመኪናውን በር እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። የላሞቹን ድድ እያየ፣ እብጠት እየዳበሰ አንዴ ዞረና መሀል ላይ ቆመ።

«መድኃኒቱ ቫይታሚን ኬ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ደሙን ያስተካክላል። እጄ ላይ ያለው ግን ለዘጠኝ ላም ነው። ቀሪው ነገ ጠዋት በአውቶቡስ ይላክልኛል። ዘጠኙን ምረጡ።»

«እንዴት ብለን እንምረጥ?» አለች ባለዘሯ። «ደህና የምትመስለውም ደህና ላትሆን ትችላለች ብለውኛል።»

«ብያለሁ። ግን ምረጡ።»

ባለዘሯ አልቻለችም። አፏን ከፍታ የአንዷን ስም ልትጠራ ስትል ሌላዋ ዓይኗ ውስጥ ትገባባታለች። በመጨረሻ እማማ እጃቸውን በእያንዳንዷ ግንባር ላይ እያሳረፉ መረጡ። መጀመሪያ እርጉዞቹን፣ ከዚያ ቡሬን፣ ከዚያ የሚያነክሱትን ሁለት። ሐኪሙ በቀጭን መርፌ ይወጋል፤ ባለዘሯ የተወጋውን ቦታ በአውራ ጣቷ አሥር ደቂቃ ትጫናለች። ዘጠነኛዋ ላይ ስትደርስ አውራ ጣቷ ደንዝዞ ነበር።

ዳልቻ ምጥ የጀመራት መርፌዋን በተወጋች በሁለተኛው ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ገና አልሠራም።

«ማንም እንዳይጎትት» አለ ሐኪሙ። «ራሷ ታውጣው።»

አራት ሰው ቆሞ ላም ብቻዋን ስታምጥ ማየት ከባድ ነው። እጅ መዘርጋት ልማድ ነውና ባለዘሯ እጇን ብብቷ ሥር ቀበረችው። ጥጃው ወጣ፤ ይተነፍሳል። ሐኪሙ እትብቱን በክር ሁለት ጊዜ አሰረ። በክሩ መሀል ግን ደሙ ይወርዳል፤ ከአገጩም ሥር እብጠት ነበር፤ በመወለድ ብቻ ተጎድቷል። ዳልቻ እየላሰችው አንድ ሰዓት ያህል ቆየና ትንፋሹ ቆመ። እሷ መላሱን አልተወችም። ከኋላዋ ደም በቀጭኑ ይወርድ ነበር፤ ጆሮዋ ቀዝቅዟል።

ሐኪሙ ዞሮ «ከዚያ ክምር ያልበላች አንዲት ላም አለች?» አለ።

ባለዘሯ የለችም ልትል ነበር። እማማ ቀደሟት። «አሮጊቷ አለች። ጥርስ ስለሌላት አገዳውን አትችለውም። ፉርሽካ በውሃ እያራስኩ ነው የማበላት።»

አሮጊቷን አምጥተው ከዳልቻ ጎን አቆሟት። ሐኪሙ ከአንገቷ ሥር ደም ቀድቶ በጠርሙስ አጠራቀመ፤ አራት ሊትር። ከዚያ ወደ ዳልቻ ደም ሥር ቀስ እያለ አወረደው። ዋርሳዋ ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ ይዞ ቆመ። ባለዘሯ የዳልቻን ጆሮ በሁለት እጇ ይዛ ሙቀት ትጠብቃለች። መጀመሪያ የራሷ እጅ ሙቀት መሰላት፤ አላመነችውም። ጀምበሯ ስታዘቀዝቅ ዳልቻ ተንገዳግዳ ቆመችና ውሃ ጠጣች።

ቡሬ ግን አልዳነችም። የተወጋችው እብጠቱ ደረቷ ድረስ ከወረደ በኋላ ነበር። ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ተንበርክካ፣ አፍንጫዋን ግርግሙ ላይ እንዳሳረፈች አገኟት። መድኃኒቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ መጣ፤ ያልተወጉት ስምንቱ ተወጉ። ሐኪሙ ሁሉንም አይቶ፣ እጁን በበረዶ ውሃ ታጥቦ፣ «ሳምንት ካለፋቸው ይተርፋሉ» አለ። የሞቱት አንድ ጊደር፣ አንድ ጥጃ፣ አንድ ላም ናቸው። ባለዘሯ ከዚህ የባሰ ነበር የጠበቀችው፤ ሆኖም አልቀለላትም። የመምህሩ ስልክ አሁንም ዝግ ነው።

«እኔ ራሴ እሄዳለሁ» አለች።

«በእግርሽ?» አሉ እማማ።

«በእግሬ።»

እማማ ከዘራቸውን ሰጧት። ወንዙን በድልድዩ ዞራ ሁለት ሰዓት ተጓዘች። የመምህሩ ቤት ከሩቅ ሲታይ ጭስ አልነበረውም። በግቢው ውስጥ ከብት አይታይም። በሩ ላይ መጋዝ ተደግፏል። መጋዙን ካየች በኋላ የመጨረሻውን መቶ እርምጃ እየሮጠች ይሁን እየቆመች ሳታውቀው ደረሰች።

መምህሩ ከጓዳ በካፖርት ወጡ። መነጽራቸው ላይ እንፋሎት ነበር።

«ባለዘሯ? ምነው፣ ሰው ሞተ?»

«ጥጆቹ» አለች። ትንፋሽ አጠራት። «ቀንዳቸውን ቆረጧቸው?»

«ሰውየው በዚህ ውርጭ አልመጣም አለኝ። መጋዙን ለማገዶ ነው ያወጣሁት። ከብቶቹ ቤት ውስጥ ናቸው። ስልኬ ገንዳ ውስጥ ወድቆ ሩዝ ውስጥ ቀብሬዋለሁ፤ ይኸው ሦስት ቀኑ። ግቢ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

ሳትገባ፣ ደጃፉ ላይ እንደቆመች ነገረቻቸው። እሳቸው እየሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ የሚያፍር ሰው መሰሉ። በመጨረሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ቢጫውን አልበላም ከብቴ። አልበቀለም። አጥልቄ ዘርቼው ነው መሰል፣ አንድም ዘር አልወጣም። ሰው ከሰማ መደብሩን ያሳጣብሻል ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ሜዳው እንደነበረው ሣር ሆነ።»

ባለዘሯ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ሳቅ መሰላት የመጣው፤ ሲወጣ ግን ለቅሶ ነበር። መምህሩ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው፣ መጀመሪያ ሻይ አመጡላት፣ ከዚያ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ እንደገና ሻይ።

«ሣሩ ተርፎኛል» አሉ ቆይተው። «ሦስት ከብት ምን ያህል ይበላል? ጋሪ ልኬ ላሞችሽ እስኪያገግሙ ላድርስልሽ።»

ወደ ድርቆሽ ቤታቸው ወሰዷት። ሣሩ አጭርና ቀጭን ነው፣ እንደ ጥንቱ ሜዳ ሣር፤ ደርቆ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። መምህሩ «በጊዜው ነው የከመርኩት፣ ጠብታ አልነካውም» አሏት። አመሰገነቻቸው። ከዚያ እጇን እስከ ትከሻዋ ድረስ ክምሩ ውስጥ አስገብታ ከመሀሉ እፍኝ አወጣች፣ ወደ ብርሃን አቀረበችው፣ አሸተተችው። ደረቅ ነበር። ከሌላ በኩል ደግሞ አወጣች። እሱም ደረቅ ነበር። መምህሩ ምንም ሳይናገሩ መሰላል አምጥተው አቆሙላት፤ ወጥታ የላይኛውንም አየች።